ያገለገለ ሳይክል ልግዛ? ወንድሜ ግን «የሰው ችግር በገንዘብሽ አትግዢ» ይለኛል

«ጤና ይስጥልኝ። የ26 ዓመት ወጣት ነኝ። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ስፌት ላይ እሠራለሁ። ሥራዬ በፈረቃ ነው። አንዳንዴ ጠዋት 12 ሰዓት እገባለሁ፣ አንዳንዴ ማታ 4 ሰዓት እወጣለሁ። ለባጃጅ የማወጣው ደሞዜን እየበላው ስለሆነ ሳይክል ለመግዛት ብዬ ዕቁብ ገባሁ። በዚህ ወር ወጣልኝ። እዚህ አንድ ሱቅ ውስጥ አዲስ፣ ባለ ማርሽ፣ ከፊትም ከኋላም ስፕሪንግ ያለው ሳይክል አይቻለሁ። ዋጋው ዕቁቤን እንዳለ ይወስደዋል። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ደግሞ አንድ ሰው ያገለገለ የብረት ሳይክል በግማሽ ዋጋ እሸጥልሻለሁ ብሎኛል። ወንድሜ አዲሱን ግዢ ይላል። ካልሰማሁት ግን የደሴውን ራሱ እየነዳ በሐረጎ ሊያወርድልኝ ቃል ገብቷል። እናቴ ደግሞ ሴት ልጅ በሳይክል መሄዷ ጭራሽ አልተዋጠላትም። ምን ይመክሩኛል? ዕቁብተኛዋ ነኝ፣ ከኮምቦልቻ።»

እንኳን ዕቁቡ ወጣልሽ እህቴ። አብሽሪ፣ ጥያቄሽ መልስ አለው። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው ጉዳዩ የዋጋ ብቻ መስሎኝ ነበር። ሁለተኛ ሳነበው ዓይኔ «በሐረጎ ሊያወርድልኝ» የሚለው ላይ ቆመ። ስለዚህ ከእሱ ልጀምር።

ወንድምሽ በዚያ ሳይክል የሐረጎን ቁልቁለት እንዳይወርድ። ለምኚው። እምቢ ካለ ሳይክሉ ይቅር።

ደሴ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በሁለቱ መሀል ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ቁልቁለቱ ግን በአብዛኛው የተከመረው ሐረጎ ላይ ነው። መንገዱ ደግሞ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን የሚሄደው ዋናው መንገድ ነው። በባቲ በኩል የመጣው ተሳቢም ወደ ደሴ ሲወጣ በዚያው ነው የሚያልፈው። ጠመዝማዛው ላይ ጭነት መኪና ከፊት ሲመጣ ለሳይክል የሚተርፈው ቦታ ጠባብ ነው። ክረምት ላይ ጉም ሲወርድ ደግሞ እሱም አይታይም።

ከመንገዱ በላይ የሚያስፈራኝ ፍሬኑ ነው። የተለመደው የሳይክል ፍሬን የሚይዘው ቸርኬውን፣ ጎማው የሚገጠምበትን ክብ ብረት፣ በላስቲክ ጨምቆ ነው። ጭመቃው ሙቀት ይፈጥራል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ሳይለቀቅ ሲያዝ ቸርኬው ይግላል። ሲብስ ካላማዳሪያው፣ ከጎማው ውስጥ ያለው የሚነፋው ላስቲክ፣ ይፈነዳል። ያረጀ ላስቲክ እንደ ቀንድ ስለሚደርቅ መያዙን ትቶ ይንሸራተታል። ዝገት የበላው የፍሬን ሽቦም የሚበጠሰው ሰው ደንግጦ አጥብቆ ሲጨብጠው ነው። ማንም ባልፈተሸው ሳይክል ያንን ቁልቁለት መውረድ ለአንድ የትራንስፖርት ሒሳብ ተብሎ የሚደረግ ነገር አይደለም።

ሚኒባስ ፖርቶ መጋላ ላይ አስጭኑት። ዋጋውን ከረዳቱ ጋር ቀድማችሁ ጨርሱ። የፊት ጎማው ይፈታ። ካቴናው ያለበት ጎን ወደ ላይ ይሁን። ገመዱ ፍሬሙን እንዳይፍቀው ከሥሩ ጨርቅ ይግባበት። በቃ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። እኔ የምመክርሽ ያገለገለውን ነው። የደሴውን ማለቴ ግን አይደለም፤ እሱን ገና አላየነውም። ያገለገለ ሳይክል ግዢ ነው የምልሽ።

ምክንያቴ ይሄ ነው። ሱቅ ያየሽው አዲስ ሳይክል ያምራል። ቀለሙ፣ ማርሹ፣ ስፕሪንጉ ዓይን ይስባል። ነገር ግን በዝቅተኛ ዋጋ ሁለት ስፕሪንግ የተገጠመለት ሳይክል ብዙውን ጊዜ ከባድ ነው። ፔዳሉን በረገጥሽ ቁጥር የኋላው ስፕሪንግ እየተጨመቀ ከጉልበትሽ የተወሰነውን ይውጠዋል። ስፕሪንጉ የተሠራው ድንጋያማ ቁልቁለት ለሚወርድ ሰው ነው። አንቺ ደግሞ ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት ነሽ። ኮምቦልቻ ቦርከና ሸለቆ ውስጥ የተኛች ሜዳማ ከተማ ናት። 21 ማርሽ አያስፈልግሽም። ማርሽ በበዛ ቁጥር የሚላላ ሽቦ፣ የሚጣመም ብረትና የሚስተካከል ነገር ይበዛል። ደሴ ብትሆኚ ኖሮ ማርሽ ያለው ፈልጊ እልሽ ነበር። ከፒያሳ ወደ ላይ ያለ ማርሽ የሞከረ ሰው ያውቀዋል።

ሌላም አለ። አዲስ ማለት ለመንዳት የተዘጋጀ ማለት አይደለም። ብዙው ሳይክል ተፈታቶ በካርቶን ይመጣና እዚህ ይገጣጠማል። የገጠመው ሰው ከቸኮለ ኩሽኔታው በቂ ግራሶ ሳያገኝ፣ ራጂው (ቸርኬውን ከመሀሉ ጋር የሚያያይዘው ቀጭን ሽቦ) እኩል ሳይወጠር፣ ፍሬኑ ሳይስተካከል ይሸጣል። ስለዚህ አዲሱንም ብትገዢ አንድ ጊዜ ሠሪ ጋ መውሰድሽ አይቀርም። ሁለተኛው ነገር፣ ዕቁብሽን እንዳለ ከወሰደው ለቁልፍ ሰንሰለቱ፣ ለመብራቱ፣ ለመንፊያው ምን ይተርፍሻል? ማታ 4 ሰዓት የምትወጪ ልጅ ያለ መብራት መንገድ ላይ መታየት የለባትም።

ወንድምሽ ግን ዝም ብሎ አልተናገረም። «የሰው ችግር በገንዘብሽ አትግዢ» ያለው በእኔ ደርሷል።

ወጣት ሳለሁ ደሴ ውስጥ አንድ ሳይክል ገዛሁ። ሲመሽ ነበር ያየሁት። ጥቁር ቀለም አዲስ ተቀብቷል። ሻጩ ቸኩያለሁ፣ ነገ ሰው ይወስደዋል አለኝ። እኔም ቸኮልኩ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው እኔ ላይ ሦስት ሳምንት አልፈጀም። ከሥራ ስመለስ ቁልቁለት ላይ ፍሬሙ ከመሪው ሥር ለሁለት ተሰነጠቀ። ግንባሬ ላይ የቀረው ጠባሳ እስከዛሬ አለ። ስብራቱን ሳየው የድሮ ብየዳ ነበረበት። ቀለሙ የተቀባው እሱን ለመሸፈን ነው። በቀን ብርሃን፣ ጣቴን ሥሩ አሳልፌ ቢሆን ኖሮ አገኘው ነበር። ከዚያ ወዲህ ሳይክል ሊገዛ ያሰበ ሰው ባገኘሁ ቁጥር ይሄንኑ እነግረዋለሁ።

ስለዚህ በቀን ሂጂ። ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ባለበት። ዝናብ ከዘነበ ሌላ ቀን ይሁን፤ ውኃ ስንጥቅ ይደብቃል። ከቻልሽ ሳይክል የሚሠራ ሰው ይዘሽ ሂጂ፣ ለጊዜውም ክፈዪው። የሻጩ ወዳጅ የሆነ ሠሪ ግን አይሁን።

ቃላቶቹን ያዢ። ሳይክል ሠሪ ጋ የምትሰሚው ቋንቋ አብዛኛው ከጣሊያን የቀረ ነው። ካቴና፣ ቸርኬ፣ ራጂ፣ ፍሬን፣ ኩሽኔታ። በእነዚህ ከጠየቅሽ ሻጩም ሠሪውም እንደማታውቅ ሰው አይመልስልሽም።

መጀመሪያ ፍሬሙን እይ። ሌላው ሁሉ ይቀየራል፣ እሱ አይቀየርም። መሪው የሚገባበት አንገት ሥር፣ ፔዳሉ የሚዞርበት ቦታ ዙሪያ፣ መቀመጫው የሚገባበት ጫፍ። ቧንቧዎቹ የሚጋጠሙበትን በሙሉ በጣትሽ ዳብሺ። እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር፣ የተሸበሸበ ቀለም፣ ያበጠ ብየዳ ካገኘሽ አመስግነሽ ተመለሺ። አንድ ቦታ ብቻ አዲስ ቀለም የተቀባ ከሆነም ለምን እንደተቀባ ጠይቂ። ማግኔት ካለሽ አስነኪው። ከያዘ ብረት ነው። ብረት ቢሰበር እንኳ ጥሩ በያጅ ይመልሰዋል። አሉሚኒየም ከሆነ ግን ብየዳው የተለየ መሣሪያና ሙያ ይፈልጋል፣ በየሰፈሩ የሚገኝ አይደለም። ለዚህ ነው ለአንቺ የብረቱን የምመርጠው።

ከዚያ ከጎን ቆመሽ የፊት ጎማውን የያዘውን ሹካ ተመልከቺ። ከተጋጨ ወደ ኋላ ይገፋል። አንድ ጊዜ ካየሽው አይጠፋሽም፤ የፊት ጎማው ወደ ፔዳሉ የተጠጋ ይመስላል። ይሄም የመመለሻ ምክንያት ነው።

ቸርኬውን ከመሬት አንሥተሽ አሽከርክሪው። የፍሬኑን ላስቲክ እያየሽ። ትንሽ ወዲያ ወዲህ ቢል ራጂ በማጥበቅ ይስተካከላል። ወደ ላይና ወደ ታች የሚዘል ከሆነ ግን ጉድጓድ መቶታል፣ አይመለስም። ራጂዎቹን ሁለት ሁለት እያደረግሽ ጭመቂያቸው። የላላና የጎደለ ካለ ቁጠሪ። አሁን አንድ ነገር፣ የደሴ ሳይክል ስለሆነ በተለይ። ዳገትና ቁልቁለት የኖረ ሳይክል ፍሬን ብዙ ይይዛል። ላስቲኩ የሚነካውን የቸርኬውን ጎን በጥፍርሽ ዳብሺ። ጠፍጣፋ መሆን አለበት። እንደ ሰሃን ወደ ውስጥ ከጎደጎደ ቸርኬው ሳስቷል። አንድ ቀን ጎማው ተነፍቶ ሳለ ይሰነጠቃል።

ካቴናውን ደግሞ አንቺ ከማንም በላይ ትለኪዋለሽ። የስፌት ሜትርሽን ያዢ። ያልተለጠጠ ይሁን፣ የኢንቹን ጎን ተጠቀሚ። ካቴናውን ወጠር አድርገሽ ከአንዱ ፒን መሀል ጀምሪና ቀጥሎ ያሉትን 24 ፒኖች ቁጠሪ። አዲስ ካቴና ከሆነ 24ኛው ፒን ልክ 12 ኢንች ላይ ይውላል። የኢንች አንድ አሥራ ስድስተኛ ካለፈ መቀየሪያው ደርሷል። አንድ ስምንተኛ ካለፈ ካቴናው የሚዞርባቸው ጥርሶችም አብረው አልቀዋል ማለት ነው። ያኔ ካቴናውን ብቻ ብትቀይሪ እየዘለለ ያስቸግርሻል፣ ሁለቱም አብረው መለወጥ አለባቸው። ሻጩ ሜትር አውጥተሽ ካቴና ስትለኪ ካየ ስለ ዋጋው የሚናገረው ይቀየራል።

የፔዳሉን ክንድ ይዘሽ ወደ ጎን ነቅንቂው፤ ከተወዛወዘ ላልቷል። የፊት ፍሬኑን ጨብጠሽ ሳይክሉን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ግፊው፤ አንገቱ ጋ ኳ ኳ ካለ ላልቷል። መቀመጫውን አላልተሽ ከፍ ዝቅ አድርጊው። ዝገት ከያዘውና አልንቀሳቀስ ካለ ለቁመትሽ ማስተካከል አትችዪም። ጎማውን ንፊና ጎን ጎኑን እይ። ቆዳው ከተሰነጣጠቀ፣ ጥርሱ ካለቀ ይቀየራል። ጎማ ግን አያስጨንቅሽ።

ማወቅ ያለብሽ የቱ ርካሽ ችግር እንደሆነ ነው። ጎማ፣ ካላማዳሪያ፣ የፍሬን ላስቲክና ሽቦ፣ ኩሽኔታ፣ የላላ ራጂ፣ መቀመጫ። እነዚህ ቢበላሹ ደስ ይበልሽ። ሳይክሉን አስቀያሚ አድርገው ዋጋውን ያወርዱልሻል እንጂ ጉዳታቸው ትንሽ ነው። ፍሬም፣ ሹካ፣ ያለቀ ቸርኬ ግን ስንት ቢቀነስልሽ አትንኪው። የሚያብለጨልጭ ቀለም ተቀብቶ ሹካው ከተገፋ ሳይክል ይልቅ ዝገት ጣል ጣል ያለበት፣ ጎማው የተኛ፣ አካሉ ግን ቀጥ ያለ የብረት ሳይክል ይሻልሻል።

ንጂው። ሳትነጂ አትግዢ። ባዶ መንገድ ላይ ውሰጂው፣ ትንሽ ቁልቁለት ካለ ጥሩ ነው። የፊቱንና የኋላውን ፍሬን ለየብቻ ሞክሪ። መሪውን በቀላሉ ያዢና ወደ አንድ ጎን ይጎትትሽ እንደሆነ እይ። ሻጩ «አይነዳም፣ ዝም ብለሽ እዪው» ካለሽ መታወቂያሽን ለዋስትና ስጪው። ያም ካልሆነ ይቅርብሽ።

ስለ ገንዘቡ። ዕቁብሽን አምስት ቦታ ክፈዪው። ሦስቱ ለሳይክሉ። አንዱ ለጥገና፤ ግራሶ፣ ካቴና፣ ላስቲክ፣ ሽቦ። አንዱ ለመብራት፣ ለቁልፍና ለመንፊያ። ሻጩ የጠየቀው ግማሽ ስለሆነ ይበቃል። ቢሆንም ያገኘሽውን ጉድለት እያሳየሽ ተከራከሪ። በደፈናው ቀንስልኝ አትበዪው። «ካቴናው አልቋል፣ የኋላ ጎማው ተሰንጥቋል፣ የእነዚህን ዋጋ ቀንስ» በዪው። ሰው የሚያየውን ነገር አይክድም።

አንድ ከባድ ነገር ሳልነግርሽ አላልፍም። የተሰረቀ ሳይክል አለ። አንድ የማታውቂው ልጅ ሥራ ይሄድበት የነበረ ሳይክል ሊሆን ይችላል። አንቺም ገንዘብሽንም ሳይክሉንም አንድ ቀን ታጫለሽ። ስለዚህ ሳይክሉን ገልብጪው። ፔዳሉ ከሚዞርበት ሥር፣ በአብዛኛው፣ የተመታ ቁጥር አለ። ቁጥሩ ከተፋቀ ወይም በፋይል ከተሞረደ ተነሺና ሂጂ። ካለ በወረቀት ጻፊው። አጭር ውል ተጻጻፉ፤ የሻጩ ስም፣ የመታወቂያው ቁጥር፣ የሳይክሉ ቁጥር፣ ዋጋው፣ ቀኑ፣ ሁለት ምስክር። የራሱን ንብረት የሚሸጥ ሰው ይሄን ሲጠየቅ አይከፋውም። «ለሳይክል ደሞ ውል?» ብሎ የሚቆጣ ካጋጠመሽ ግን ቁጣው ራሱ መልስ ነው።

አዲሱን ግዢ የምልበት አጋጣሚ አለ። ደሴም ኮምቦልቻም ዞረሽ ቀጥ ያለ ፍሬም ካጣሽ፣ ወይም የሚያይልሽ ሰው ካላገኘሽ። ያኔም ስፕሪንግ የሌለውን፣ ማርሹ ጥቂት የሆነውን፣ ዋጋው ቀለል ያለውን ምረጪ። ከሱቁም ጋር አንድ ነገር ተስማሚ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ትመልሺውና ያጥብቁልሽ። አዲስ ሽቦ ይለጠጣል፣ አዲስ ራጂ ይላላል።

እናትሽ። ይሄን መጨረሻ ላይ ያደረግኩት አሳንሼው አይደለም። እናትሽ የሚፈሩት ሁለት ነገር ይመስለኛል። አንዱ የሰው ዓይን ነው፣ ሌላው መኪናው። ስለ መኪናው ልክ ናቸው። ባጃጁም ሚኒባሱም ሳይክል አይቶ ቦታ የሚለቅበት ጊዜ ጥቂት ነው። ስለዚህ መብራቱንና ከኋላ የሚያንጸባርቀውን ነገር ሳይክሉን ከመንዳትሽ በፊት አሳዪያቸው። ማታ የምትሄጂበትን መንገድም ንገሪያቸው። በመጀመሪያው ሳምንት የማታ ፈረቃ ካለብሽ በባጃጅ ሂጂና ቀን ቀን ተለማመጂ።

ስለ ሰው ዓይን ደግሞ፣ ጠብ አታንሺ። ልብስሽን እንደለመድሽው ልበሺ። ቀሚስ ከሆነ መሀሉ ላይ ያለው ብረት ዝቅ ያለውን ሳይክል ፈልጊ። ሰው «የሴት ሳይክል» ይለዋል፤ በቀሚስ ለመውጣትና ለመውረድ ቀላል ነው። ካቴናው መሸፈኛ ይኑረው። ከሌለው ሠሪው ከቆርቆሮ ይሠራልሻል። የሻርፕሽን ጫፍ አስገቢው፤ ራጂ ውስጥ ከገባ ይጥላል። እናትሽ ሳይክሉን ሲቃወሙ ልባቸው ውስጥ የሚያዩት ቀሚስሽ ካቴና ውስጥ ሲገባ ሊሆን ይችላል።

ሳይክሉ ኮምቦልቻ ሲደርስ ወዲያው አትንጂው። ግቢ ውስጥ አቁሚውና መቀመጫውን ለቁመትሽ አስተካክዪ። አሠራሩ ቀላል ነው። መቀመጫው ላይ ትወጪያለሽ፣ አንዱ ፔዳል እስከ ታች ይወርዳል፣ ተረከዝሽን ታሳርፊበታለሽ። እግርሽ ቀጥ ካለ ልኩ ነው። ጉልበትሽ ከታጠፈ መቀመጫው ከፍ ይበል። ግን ይሄን ብቻሽን ማድረግ አትችዪም፤ አንቺ ላዩ ላይ ሆነሽ ሳይክሉን ቀጥ አድርጎ የሚይዝልሽ ሰው ያስፈልጋል። እናትሽን ጥሪያቸው።